ሁለቱ ቡሌቲኖች

ራይሳ ከወጥ ቤት ሆና የሰማችው ድምፅ የወረቀት አወዳደቅ አልነበረም። ቀጭ ነው ያለው፤ የሻይ ማንኪያ ባዶ ሣህን ላይ ሲጥሉት እንደሚለው። ምድጃው ላይ የቼሪ ማርማላታ እየፈላ፣ ቀይ አረፋው እስከ ድስቱ አፍ እየወጣ ስለነበር ልብ ሳትለው ቀረች። ወጥ ቤት የገባችውም ወዳ አይደለም፤ ከገዛ ቤቷ ተባርራ ነው። የምርጫ ሳጥኑን ታቅፋ አምስት ፎቅ በእግሯ የወጣችው መምህርት ታማራ ላቧን እየጠረገች፣ ድምፅ መስጠት ምስጢር ነው፣ ልጅም ብትሆኚ ውጪ አለቻት። ራይሳ እናቷ በደንብ እንደማታይ፣ ወረቀቱን ይዛ ብታግዛት እንደሚሻል ለማስረዳት ሞከረች። ከአልጋው በኩል መልስ የሰጠችው እናትየው ዚኖቪያ ራሷ ነበረች።

«ገና አልታወርኩም» አለች። «ይልቅ ማርማላታሽ ሳያር ሂጂ።»

መምህርት ታማራ የአሮጊቷን መታወቂያ ካርድ ተቀብላ ስሟን ከመዝገቡ ላይ ፈለገች፣ ካርዱን ከምርጫ ወረቀቱና ከድምፅ መስጫው ማኅተም ጋር በእጇ አስያዘቻትና ሰው ሲመርጥ አይታይም ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አብሯት የዞረው የተቃዋሚዎቹ ታዛቢ፣ ራዱ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኮሪደሩ ላይ በሩን ተደግፎ ያዛጋል። «እትዬ ዚኖቪያ፣ ማኅተሙን ከሚፈልጉት ፓርቲ አጠገብ ካለው ክብ ውስጥ ያሳርፉ፤ ከዚያ ቡሌቲኑን ሳጥኑ ውስጥ ይክተቱ» ስትል የታማራ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እነዚህ አሮጌ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች አሳንሰርም የላቸው፣ ምስጢርም አያውቁ። ቀጭ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዶቹ ሲወጡ ታማራ ወጥ ቤቱን አልፋ አልሄደችም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች፣ አረፋውን በማንኪያ ቀመሰች፣ ስኳር ስንት ገባ ብላ ጠየቀች። ኪሎው በአገሩ ገንዘብ አሥራ አንድ ሌይ ስትባል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቼሪውስ? አሥራ ሁለት፣ ማዕከላዊ ገበያ፣ እሱም የዓመቱ መጨረሻ። ማርማላታም የሀብታም ሆነ ብላ፣ ገና ዘጠኝ በሽተኛ ይቀረናል እያለች ደረጃውን ወረደች።

ይህ ሁሉ ሰው አልጋ ለአልጋ ሳጥን ይዞ የሚዞረው በፓርላማው የተነሳ ነው። በሚያዝያ አንድ ጊዜ ተመርጦ ነበር። የተመረጡት መቶ አንድ ሰዎች ተሰብስበው ፕሬዚዳንት ይምረጡ ቢባል ስልሳ አንድ ድምፅ ያስፈልጋል፣ የተገኘው ስልሳ ነው። ግንቦት ሙሉ አንዷን ድምፅ ፈለጓት። ሕዝቡ ወርቋ ድምፅ ብሎ ስም አወጣላት፤ አንዱ ወገን በልመናም በማባበልም አላገኛትም፣ ሌላው ወገን በመስጠት ፈንታ እየተነሳ ይወጣል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነና ፓርላማው ፈረሰ፣ አገሩ በሐምሌ ሙቀት እንደገና ምርጫ ተጠራ። ራይሳ ትኬት በምትቆርጥበት ትሮሊባስ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ፣ ከትኬቱ ሁለት ሌይ ሳንቲም የጎደለው ሰው ሁሉ «እህቴ፣ አንድ ጎደለኝ፣ እንደ ፓርላማው» ማለት ለምዷል። መጀመሪያ ትስቅ ነበር፤ በሰኔ አጋማሽ ግን ቀልዱ እጅ እጅ አላት።

የእሷ ጉዳይ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ነገ ጠዋት ነበር። ዚኖቪያ ግራ ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ እየሸፈነው ነው። በመንግሥት ወጪ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ለማግኘት አሥራ አንድ ወር ወረፋ ጠብቀዋል፤ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ መገኘት አለባቸው። ታክሲው በስልሳ ሌይ ተነግሮታል፣ አሮጊቷን በወንበር አድርገው ደረጃውን የሚያወርዱ ሁለት የምድር ቤት ጎረቤቶች ቃል ገብተዋል። ያቺ ዓይን ከበራች ራይሳ ትሄዳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ፓዶቫ፣ ጣሊያን ውስጥ፣ ጓደኛዋ ስቴላ አንዲት የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት የምታስታምምበት ሥራ ይዛላታለች። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ተመትቷል፤ ነሐሴ ሳያልቅ ካልገባች ይቃጠላል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሞስኮ ሄዶ በዚያው ቀልጦ ቀርቷል፤ ከትሮሊባስ ደረጃና ከዚህ ቤት ደረጃ ሌላ የምታውቀው የለም፣ ጉልበቷም መታመም ጀምሯል። ወንድሟ ቫሌሪዩ፣ በከተማው በሌላኛው ጫፍ የሚኖረው፣ ጥርት አድርጎ ነግሯታል፦ እናታችን ካየች ቅዳሜ ቅዳሜ የምትበላውን አደርስላታለሁ፣ ካላየች ግን እኔ ቤት አትገባም፣ ሚስቴን ታውቂያታለሽ። ዚኖቪያ ስለዚህ ሁሉ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሂጂም አላለችም፣ አትሂጂም አላለችም። ጣሊያን የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጊልኝ ትላለች።

ራይሳ እሳቱን ዝቅ አድርጋ የነገውን ሻንጣ ማስተካከል ያዘች። የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የጤና መድኅን ወረቀት፣ የሐኪሙ ደብዳቤ። መታወቂያው ከሌሎቹ ጋር በናይለን እንዲገባ ፈልጋ ወደ አልጋው ሄደች። ዚኖቪያ ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ሣህን አድርጋ፣ የተረፈውን ቼሪ ፍሬውን እያወጣች ነበር። በፀጉር ሹካ ነው የምታወጣው። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ሹካውን በቼሪው እምብርት ሰክታ፣ አንዴ ጠምዘዝ ስታደርገው ፍሬው ጠብ ይላል። ትል ያለበትን ሳትሰነጥቀው በጣቷ ታውቀዋለች፤ ለብቻው ታኖረዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ባልዲ እንዲህ አድርጋ ጨርሳለች፤ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቀልተዋል። ራይሳ ካርዱ የት እንዳለ ጠየቀቻት።

«ሳጥኑ ውስጥ» አለች ዚኖቪያ።

«የምን ሳጥን?»

«ቡሌቲኑን ክተቺ አለችኝ፤ ከተትኩ።»

በዚህ አገር መታወቂያ ካርዱም ቡሌቲን ነው፣ የምርጫ ወረቀቱም ቡሌቲን ነው። ሰው ሁለቱን ሳያምታታ ያረጃል፤ ፖሊሱ ቡሌቲን ሲለው ካርዱን፣ አስመራጩ ቡሌቲን ሲለው ወረቀቱን ይሰጣል። ራይሳ ትራሱን ገለበጠች፣ ብርድ ልብሱን አራገፈች፣ ከዚያ ያን ቀጭ ያለውን ድምፅ አስታወሰች። በነጠላ ጫማ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። መምህርት ታማራንና ራዱን ያገኘቻቸው ከሚቀጥለው ሕንፃ መግቢያ፣ ጎረቤቱ አክስዮኖቭ ከተከለው የወይን ሐረግ ሥር ጥላ ይዘው ሲያርፉ ነው። ሳጥኑ አግዳሚው ላይ በመካከላቸው ተቀምጧል። ግድግዳው እንደ መስተዋት የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው፤ ከታጠፉት ወረቀቶች ሥር፣ ወደ ውጭ ዞሮ፣ የእናቷ ፊት ያያታል። ከአምስት ዓመት በፊት የተነሳችው ፎቶ ነው፣ ሻሿን አውልቂ ብለዋት ተቆጥታ የተነሳችው። ጉንጯ ላይ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል።

ታማራ አይታ አማተበች። ራይሳ ሳጥኑን ገልብጠን በቀዳዳው እናውጣው አለች፤ በፀጉር ሹካም ቢሆን፣ በሁለት ደቂቃ። ታማራ ክዳኑ ላይ ያለውን ባለ ቁጥር ማኅተም አሳየቻት። እሱን የነካ እሥር ቤት ነው፣ ደግሞ በዚህ ዓመት፣ ሁሉ ሰው ሌባ ሲፈልግ። ራዱ አንገቱን እየሻሸ፣ እትዬ ራይሳ እኔ በበኩሌ አዝናለሁ፣ ነገር ግን ሳጥን በመንገድ ላይ ተከፈተ ከተባለ የሰፈሩ ውጤት በሙሉ ይሰረዛል አላት። ምሽት ሦስት ሰዓት ሲሆን ምርጫው ይዘጋል፣ መጀመሪያ የሚከፈተው ይህ ትንሹ ሳጥን ነው፣ ያኔ ምርጫ ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥታ ትውሰድ። ታማራ ድንገት ትዝ ብሏት፣ ወረቀቱስ አብሮ ገብቷል ወይ አለች። ራይሳ ሳይገባ አይቀርም አለች፤ እሷን የቸገራት ካርዱ እንጂ ወረቀቱ አልነበረም። ለማንኛውም ተመልሳ ስትወጣ እናቷን ጠየቀቻት። ዚኖቪያ ሁለቱንም ሳልከት አልቀርም፣ ዓይን የሌላት ሴት ምን አውቃለሁ አለችና ቼሪዋን ቀጠለች።

ከቀትር በኋላ ያለው ጊዜ አልገፋ አለ። ራይሳ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች፤ መዝጋቢዋ፣ ያለ ቡሌቲን አልጋ አይያዝም፣ ካልመጣችሁ ቀጣዩ ሰው ይገባል፣ እናንተ ለየካቲት ትዛወራላችሁ ብላ ዘጋችው። የመታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ለምርጫው ዝግ ነው፤ ክፍት ቢሆንም ምትክ ካርድ በአንድ ቀን አይሰጥም። ቫሌሪዩ ጋ ደወለች። ከፋሲካ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም ነበር፤ በበዓሉ ገበታ ላይ እሱ ገዢውን ፓርቲ ደግፎ፣ እሷ ተቃዋሚዎቹን ደግፋ ሳህን እስከ መግፋት ደርሰው፣ እናታቸው ለበዓሉ ቀለም የተቀባው ዕንቁላል ሳይሰበር ተነሱልኝ ብላ ሁለቱንም ያስነሳቻቸው ጊዜ ነው። ነገሩን ነገረችው። ያንቺ ሰዎች እኮ ናቸው ሳጥን በየቤቱ ይዙር ያሉት አላት፣ ውሸቱን ነው፤ ቀጥሎም፣ በድምፁ ትንሽ እፎይታ ይሰማ ነበር፣ የካቲት ሩቅ አይደለም አላት። ስለ ጣሊያኑ አላነሳም፣ እሷም አላነሳችም። ማርማላታውን በስድስት ጠርሙስ ገለበጠችው፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድራ እንዲበርድ ተወችው። ክዳን በዚህ ሰሞን ከገበያ ጠፍቷል፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ልታስር ጋዜጣ በአራት ማዕዘን ቆርጣ፣ አምስት ብቻ ቢወጣላትም፣ ክሩን አጠገቡ አስቀመጠች። ከዚያ ለብሳ ወጣች፤ ሦስት ሰዓት ሳይሆን እዚያ ለመገኘት፣ መንገዷንም የራሷን ድምፅ ሰጥታ።

የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ክፍል መስኮቶች ለሙቀቱ ተከፍተዋል። ሲቆጠር ሌላ ሰው መግባት ክልክል ስለሆነ ራይሳ ውጪ ሣሩ ላይ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ቆመች። ገና ጨርሶ አልጨለመም። በሕፃናቱ ትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህር ዩስቲን ነው፣ ሰው ላለማስቀየም ብሎ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው። ከጎኑ የገዢው ፓርቲ ወኪል ጋሼ ፕሮኮፒ፣ ጡረተኛ የባቡር ፉርጎ ተቆጣጣሪ፤ ከወዲያ ራዱ። ትንሹ ሳጥን ተከፈተ። ካርዱ ቀድሞ ወጣ፤ ሳቁ፤ ዩስቲን ለራይሳ በእጁ ጠብቂ፣ ጠብቂ አላት። ከዚያ ወረቀቶቹን ቆጠሩ። አሥራ አራት ሰው ቤት ተሂዷል፣ አሥራ አራት ወረቀት ተሰጥቷል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አሥራ ሦስት ነው። ደግመው ቆጠሩ። አሥራ ሦስት። ጋሼ ፕሮኮፒ መነጽሩን አወለቀና «አንድ ጎደለ» አለ። በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ንጹሕ ወረቀት ከጎደለ ምን ማለት እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ድምፅ የሚገዛ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው፤ አንድ ንጹሕ ወረቀት አስወጥቶ፣ ደጅ ላይ ማኅተም አድርጎበት፣ ለሚቀጥለው ድሃ ያስይዘዋል፣ ድሃው ደግሞ የራሱን ንጹሑን አምጥቶ ዋጋውን ይቀበላል። ፕሮኮፒ ራዱን አየ፣ ራዱ ፕሮኮፒን አየ። እያንዳንዱ ይህ ያንተ ሰዎች ሥራ ነው አለ። ራይሳ በመስኮቱ በኩል እናቴ ናት፣ ዓይኗ ሞራ ይዞታል፣ ወረቀቱና ካርዱ ተምታታባት ብላ ደጋግማ ተናገረች። ዩስቲን ካርዱን በእጁ እያገላበጠ፣ እኔ በበኩሌ አሁኑኑ እሰጥሽ ነበር አለ፤ ነገር ግን ከሳጥን የወጣ ዕቃ ነው፣ ሁለቱ ወገኖች ካልፈረሙ ከወረቀቱ ጋር ታሽጎ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ፍርድ ቤት ውጤቱን እስኪያጸድቅ፤ አሥራ አምስት ቀን፣ ሃያ ቀን። ራዱ ፈረመ፤ ፈርሞ ካበቃ በኋላ የፕሮኮፒን ፊት አየና ፊርማውን ሰረዘ፤ እሱ ካልፈረመ እኔ ብቻዬን ሌባ አልባልም አለ። ፕሮኮፒ ደግሞ ወደ መስኮቱ መጣ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር።

«ልጄ፣ እኔም እናት ነበረችኝ» አላት። «ያቺን ወረቀት አምጪልኝ። ንጹሕ ትሁን፣ የተቀደደች ትሁን፣ ግድ የለኝም። ወረቀቷን ልይ፣ ካርዱን ውሰጂ፤ ከዚያ ልጁም ይፈርማል። እስከ አራት ሰዓት አናሽግም።»

ራይሳ ሮጠች። በአርባ ስድስት ዓመቷ፣ በታመመ ጉልበቷ፣ አምስቱን ፎቅ ሳታርፍ ወጣች። ዚኖቪያ አልጋዋ ላይ ሆና ቴሌቪዥን ታዳምጣለች፤ የውጤት ግምት የሚያወሩ ሰዎች ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ወረቀቷን ስጪኝ አለቻት ራይሳ፣ ወረቀቷ ከተገኘች ካርዱን ይመልሳሉ። እናትየው ወረቀት የለኝም አለች። ራይሳ አንሶላውን ገፈፈች፣ ፍራሹን አነሳች፣ የእናቷን የልብስ ኪስ ዳበሰች፣ ከሥዕለ ማርያሙ ጀርባ እጇን ሰደደች፣ ከአልጋው ሥር በሆዷ ተኝታ በጨለማው ውስጥ አንድ ጠፍቶ የነበረ ካልሲና አቧራ አገኘች። ወጥ ቤት ገብታ የቆሻሻ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ገለበጠችው፤ የቼሪ ፍሬ ብቻ ነበር፣ በየአቅጣጫው ተንከባለለ። ዚኖቪያ ከክፍሏ ሆና፣ ተይው አንቺ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም ትላለች። አራት ሰዓት ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው ራይሳ ባዶ እጇን ወረደች። ስትደርስ ዩስቲን የትልቁን ፖስታ አፍ በማጣበቂያ እየዘጋ ነበር፤ እስከ ሰዓቱ ጠብቋታል፣ ይህን አይክዱትም። ፕሮኮፒ አየ ልጄ ብሎ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቆጠራው ዞረ።

ተመልሳ ስትወጣ አልቸኮለችም። በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነው ብላ አሰበች፣ ያውም ወተቷን ሳትቀምስ አሥራ አንድ ወር ስታልብ። በአንዱ ቤት የከፈቱት ሬዲዮ ተቃዋሚዎቹ መቅደማቸውን፣ ነገር ግን ለስልሳ አንድ ስምንት ያህል ድምፅ እንደሚጎድላቸው ያወራል። አሁንም ማንም ማንንም አይመርጥም ማለት ነው። ቤት ገብታ ውሃ ልትጠጣ የወጥ ቤቱን መብራት አበራች፤ ቅድም ፍለጋ ስትገባ በኮሪደሩ ብርሃን ነበርና መስኮቱን አላየችውም። ስድስቱ ጠርሙሶች ተከድነዋል። እናቷ እሷ በሌለችበት ተነስታ፣ በዳሰሳ፣ አንድ በአንድ ከድና፣ በክር ሦስቴ ጠምጥማ አስራቸዋለች፤ እንደ ድሮዋ ጥሩ አድርጋ። አምስቱ ላይ ጋዜጣ ነው። በስድስተኛው ላይ ያለው ወረቀት ነጭ፣ ወፍራም፣ አዲስ ነው፤ ከአፉ ዙሪያ ወደ ታች በወጣው ጠርዙ ላይ የፓርቲዎቹ ስምና ትንንሽ ክቦች ተደርድረዋል።

ክሩን ፈታችው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም የለበትም፤ ከአንዱም ክብ ላይ። ያረፈበት በቼሪ የቀላ የጣት አሻራ ብቻ ነው። ይዛው ወደ እናቷ ክፍል ሄደች፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። ምን እንደሆነ አልነገረቻትም። የዚኖቪያ ጣቶች በጠርዙ ሄዱ፣ እጥፋቱን አገኙ፣ እዚያው ቆሙ።

«ካርዱ ሲነኩት ይቀዘቅዛል» አለች ዚኖቪያ በመጨረሻ። «ወረቀት አይቀዘቅዝም። ይሄን ለመለየት ዓይን አያስፈልግም።»

ራይሳ እጇ ሲነሳ ተሰማት። እናቷን መትታ አታውቅም፤ በዚያች ደቂቃ ግን ጠላቻት፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዓይንሽስ?» አለች። «የገዛ ዓይንሽ አልነበረም እንዴ?»

«ዓይን ምን ያደርግልኛል» አለች እናትየው። «ስትሄጂ ላይሽ ነው?»

ራይሳ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ሙቅ ውሃ በሐምሌ ስለሚቋረጥ ማንቆርቆሪያ ጣደች፣ በሣህን ቀዝቀዝ አድርጋ አምጥታ የእናቷን ጣቶች በጨውና በሎሚ አንድ በአንድ አጠበቻቸው። ቀዩ ለቀቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ዚኖቪያ እንደ ሕፃን እጇን ሰጠች። ከዚያ ራይሳ ለነገ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ከፈተች፤ የሌሊት ልብሱን ወደ ቁምሳጥኑ፣ ነጠላ ጫማውን አልጋው ሥር መለሰች። ለታክሲው ደውላ ነገ አትምጣ አለችው። ከቁምሳጥኑ በላይ ያለውን የራሷን ትልቅ ሻንጣ አልነካችውም፤ ቀና ብላም አላየችውም። ስቴላ ጋ መደወል ነበረባት፤ ነገ ይደርሳል አለች በልቧ። ያንን ነጭ ወረቀት በጠርሙሱ አፍ ላይ መልሳ አሰረችው፣ ሌላ የተቆረጠ ጋዜጣ አልነበረምና። መብራቱን አጥፍታ ከእናቷ ማዶ ባለው አልጋዋ ላይ ተጋደመች።

«ራይሳ» አለች ዚኖቪያ። «በሩን ቆልፈሽዋል?»

«ቆልፌዋለሁ፣ እማዬ።»